ዝምታ ሁሉ አርምሞ አይደለም

በግሌ የምሠራ ጋዜጠኛ ነኝ። ቋሚ ደመወዝ ስለሌለኝ ከዜናና ከሐተታ የተረፈኝን ሰዓት ለተቋማት የኮሙኒኬሽን ሥልጠና በመስጠት እሞላዋለሁ። ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከሚደውሉልኝ መካከል አብያተ ክርስቲያናት በዝተዋል፤ የኦርቶዶክሱም የፕሮቴስታንቱም። ንግግሩ ሁልጊዜ በካሜራ ይጀምራል። የትኛው ካሜራ ይሻላል? ለቀጥታ ስርጭት ምን ያህል ኢንተርኔት ይበቃል? የዩቲዩብ ተከታይ እንዴት ይጨምራል? ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ግን ድምፃቸው ዝቅ ይልና የመጡበት ጉዳይ ይወጣል። «እንዲህ ያለ ነገር እየተወራብን ነው። ዝም ብንል አይሻልም? ያልፋል እኮ።»

ዛሬ የምጽፈው ስለዚህች «ያልፋል» ስለምትባል ቃል ነው።

መጀመሪያ ሚዛናዊ ልሁንላት። ዝምታ በሃይማኖት ቤት ክብር አለው። አባቶች አርምሞ ይሉታል። ሲሰድቡት የማይመልስ፣ ሲያሙት የማይሟገት መነኩሴ በገድሉም በስንክሳሩም የሚመሰገን ሰው ነው። በወንጌላውያኑም ዘንድ «ጌታ ይሟገትልኛል» ብሎ አፉን የሚይዝ አገልጋይ ይከበራል። እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን አርምሞ የሚባለው ሰው በራሱ ላይ የደረሰውን ስድብ በዝምታ ሲሸከም ነው። የምእመናን ገንዘብ የት እንደደረሰ ሲጠየቅ፣ ወይም አንዲት እህት «አገልጋዩ በደለኝ» ብላ ስታመለክት ዝም ማለት ሌላ ነገር ነው። የራሴን ስድብ ብተው የተውኩት የራሴን ነው። ለምእመኑ የሚገባውን መልስ ብይዝበት ግን የያዝኩት የሰው ንብረት ነው። ብዙ መሪዎቻችን ሁለቱን ስለሚያቀላቅሉ በጎ ምግባር እየሠሩ እየመሰላቸው ሰው ያስጎዳሉ።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ቦታውን አልጠራም፤ ከአዲስ አበባ ወጣ ያለች ከተማ ናት። የደብሩ አሮጌ ሕንፃ ጠበበ ተባለና ሕንፃ አሠሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰው እንደ አቅሙ ሰጠ። ሲሚንቶ የገዛ አለ፣ የጆሮዋን ወርቅ አውልቃ የሰጠች አለች፣ ከአሜሪካና ከዱባይ የላከ አለ። መሠረቱ ወጣ፣ ዓምዶቹ ቆሙ፣ ከዚያ ሥራው ቀጥ አለ። ብረቱ ከዓምዶቹ አናት ላይ ተንጨፍርሮ እንደወጣ አንድ ክረምት አለፈበት፤ ሁለተኛውም አለፈ።

ኮሚቴው ምንም አላለም። ሰው ግን ማለት ጀመረ። መጀመሪያ በጽዋ ማኅበር ላይ ነበር። ከዚያ ውጭ ያሉት የከተማው ልጆች የሚገናኙበት የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባ። አንዱ «ገንዘባችን የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀ። በሦስተኛው ቀን ጥያቄው «ገንዘባችንን ማን በላው?» ሆነ። በሳምንቱ የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ልጅ የገዛው ባጃጅ ፎቶ ተለጠፈ። ገንዘብ ያዡ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የከተማው ሰው ግማሹ ፊደል የቆጠረው በእሳቸው እጅ ነው።

ከኮሚቴው አባላት አንዱ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ስለሆነ ጠራኝና ሄድኩ። እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፤ አብሮኝ የሄደው ወዳጄ ግን ነው። ሰነዱ በሁለት ካርቶን ሞልቶ፣ በቀን ተደርድሮ ተቀምጧል። ወዳጄ ቀኑን ሙሉ ሲያገላብጥ ውሎ «ሁሉም በደረሰኝ ነው» አለኝ። የሆነው ነገር ግልጽ ነበር። ሥራው ከተጀመረ በኋላ የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ናረ። ተቋራጩ በድሮው ዋጋ አልቀጥልም አለ። ኮሚቴው አዲስ ጨረታ ለማውጣት ፈቃድ በደብዳቤ ጠየቀ። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ሁለት ዓመት ሄደ። ሌባ የለም፤ ያለው የተኛ ደብዳቤ ነው።

የደብሩን አስተዳዳሪ ጠየቅኳቸው። «አባ፣ ይህንን ለምን ለሕዝቡ አልነገራችሁም?»

«ልጄ፣ እኛ ሌቦች አይደለንም። ያልሰረቀ ሰው ስለምን ይማልዳል? ስለምን ይምላል?»

አባ ይህን ሲሉ ከልባቸው ነበር። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። እሳቸው ጥያቄውን የሰሙት እንደ ክስ ነው። የጆሮ ወርቋን የሰጠችው እናት ግን ማንንም አልከሰሰችም፤ ወርቋ የትኛው ዓምድ ውስጥ እንዳለ ማወቅ ነው የፈለገችው። መሪው ጥያቄን ሁሉ ክስ አድርጎ ሲሰማ ጠያቂው ቀስ በቀስ ወደ ከሳሽነት ይገፋል። «የት ደረሰ?» ወደ «ማን በላው?» የተለወጠው በክፉ ሰዎች ምክንያት ብቻ አይደለም፤ መልስ በጠፋባቸው ሦስት ቀናትም ጭምር ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነበበ። አንድ ገጽ ተኩል ነበር። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ምን ቀረ፣ ሥራው ለምን ቆመ፣ ደብዳቤው አሁን የትኛው ቢሮ ነው፣ ኮሚቴው እንደገና ለሕዝቡ የሚናገረው በየትኛው ቀን ነው። ሰነዱን ማየት የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት ይምጣ ተባለ። ስንት ሰው የመጣ ይመስላችኋል? አራት። አራቱም ካርቶኖቹን አይተው፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። በቴሌግራሙ ላይ ሁለት ሦስት ሰዎች «እስካሁን ምን ስትሠሩ ነበር?» ማለታቸውን አላቆሙም፤ እውነታቸውን ነው። የባጃጁን ፎቶ የለጠፈው ልጅ ይቅርታ ጠይቋል። መምህሩ ግን ኃላፊነቱን ለቀቁ። አሁን የሚያስቀድሱት ሌላ ደብር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የነፈጋቸውን ጎረቤት በየእሑዱ ከማየት ይህ ይሻለኛል ብለዋል አሉ።

የሚያሳዝነው ለዚህ የሚሆን ሥርዓት አዲስ መፍጠር አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በ1965 ዓ.ም.፣ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ የሰበካ ጉባኤን ደንብ አውጥታለች። ካህናትና ምእመናን አብረው ተቀምጠው የአጥቢያቸውን ገንዘብና ሥራ እንዲመሩ ነው። የደንቡ ስም ቃለ ዓዋዲ ነው፤ ከግእዝ ሲመለስ የዐዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። ያወጡት አባቶች ከነስሙ መናገርን መርጠውለታል። ስንቱ ደብር ደንቡን በመሳቢያ ቆልፎ በሹክሹክታ እንደሚተዳደር ደግሞ የደብሩ ሰው ያውቀዋል።

ፕሮቴስታንት ወዳጆቼ እዚህ ላይ «ይህ የእነሱ ነገር ነው» እንዳትሉኝ። እናንተ ዘንድ ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው፤ ነገሩ የሚታነቀው ገንዘብ ላይ ከመድረሱ በፊት አገልጋዩ ላይ ነው። «ቅቡዕ አይነካም» የሚለው አባባል ስንት ጥያቄ እንደቀበረ ታውቃላችሁ።

አዲስ አበባ ውስጥ የግሎባል ሊደርሺፕ ሰሚትን ሥልጠና የወሰዱ በርካታ መጋቢዎች አሉ። ማስታወሻ ደብተሩን በክብር ያስቀመጠ መጋቢ ቤት ገብቼ አውቃለሁ። የዚህ ጉባኤ መነሻ በአሜሪካ ቺካጎ አቅራቢያ ያለችው ዊሎው ክሪክ ቤተ ክርስቲያን ናት። እ.ኤ.አ. በ1975 በተከራየችው ሲኒማ ቤት ጀምራ በአሜሪካ ከታወቁት ትላልቅ አብያተ ክርስቲያናት አንዷ የሆነች፣ ለዓለም አመራር ታስተምር የነበረች ናት። በመጋቢት 2010 ዓ.ም. ቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ በመሥራቿ በቢል ሃይበልስ ላይ ሴቶች ያቀረቡትን የሥነ ምግባር አቤቱታ አወጣ። ሰውየው አስተባበለ። የቤተ ክርስቲያኒቱ ሽማግሌዎች ምን አደረጉ? ቀድመን አጣርተናል አሉና ከመሥራቹ ጎን ቆሙ። አባላት በተሰበሰቡበት ሴቶቹ ተመካክረው ሐሰት እንደሚያወሩ ተነገረ። በሚያዝያ ሃይበልስ ከኃላፊነቱ ለቀቀ፤ ያን ጊዜም ጥፋተኛ ነኝ አላለም። በነሐሴ ግን ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሴቶቹን ይቅርታ ጠየቁ፤ ከዋና መሪዋ ጋር በአንድነት ሥራቸውን ለቀቁ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ነገሩን እንዲያይ የተሰየመው ገለልተኛ ቡድን የሴቶቹ አቤቱታ የሚታመን ነው አለ።

ከመጋቢት እስከ ነሐሴ አምስት ወር ነው። እነዚህ ሰዎች ካሜራም፣ ባለሙያም፣ የአመራር መጽሐፍም አልጎደላቸውም፤ መጽሐፉን የጻፉት እነሱ ናቸው። የጎደላቸው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። «ሰምተናል፤ እንደገና እንዲታይ ለሌላ ሰው ሰጥተናል፤ እስከዚያ ማንም ማንንም ሐሰተኛ አይበል።» በዚያ ፈንታ በመጀመሪያው ሳምንት የተናገሩት ቃል በመጨረሻው ሳምንት ተመልሶ ወንበራቸውን ወሰደ። ሴቶቹስ? አምስት ወር ሙሉ በገዛ ቤተ ክርስቲያናቸው አደባባይ ውሸታም ተብለው ኖሩ።

ወደ ራሳችን ስመለስ፣ መናገር ስንጀምርም የምንናገርበት ቋንቋ አለ። በጋዜጠኝነት ዘመኔ ካነበብኳቸው የሃይማኖት ተቋማት መግለጫዎች ውስጥ «አንዳንድ አካላት» የማይገኙበት ጥቂት ነው። አንዳንድ አካላት ስም ያጠፋሉ። አንዳንድ ግለሰቦች ሁከት ይፈጥራሉ። የቤተ ክርስቲያኒቱን እድገት የማይወዱ ወገኖች አሉ። ማን ናቸው? አይነገርም። ይህ አነጋገር ጨዋነት ይመስላል፤ ሲሠራ ግን ጉዳቱ ከስም መጥራት ይብሳል። ስም ካልጠራህ ሰሚው ራሱ ይሞላዋል። አንዱ የጎረቤቱን ስም ያስገባል፣ ሌላው የብሔሩን ስም ያስገባል። ምእመኑ ከጉባኤው ሲወጣ ዙሪያውን እያየ ይወጣል።

ሌላው «የጠላት ሥራ ነው» የሚለው ነው። የሃይማኖት ሰው ይህን ማመኑን አልነቅፍም። ግን የሰንበት ትምህርት ቤቱ ተማሪ በጀታችን ለምን ተቆረጠ ብሎ ሲጠይቅ ሰይጣንን ለምስክርነት መጥራት ምንድን ነው? እኔ ዲያብሎስን ስልክ ደውዬ ላጣራ አልችልም። (የአንዳንዱን ሀገረ ስብከት ስልክም እንዲሁ አላገኘሁትም። ያነሳ ሰው ከተገኘም «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ማኅተም ያለው ደብዳቤ ይዘህ ና» ነው። ደብዳቤው ሲመራ ዜናው ያረጃል፤ ያረጀው ዜና ውስጥም «ምላሽ ለማግኘት ያደረግነው ጥረት አልተሳካም» የሚል ዓረፍተ ነገር ይገባል። ከዚያ ተደውሎ እንወቀሳለን።)

አይችሉም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። ሲፈልጉ እንደሚችሉበት በዓይናችን አይተናል። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ 26 መነኮሳትን በኤጲስ ቆጶስነት ሲሾሙ ቤተ ክርስቲያኒቱ በዘመናችን ካየነው ሁሉ የከበደ ፈተና ውስጥ ገባች። በዚያ ሰሞን የሆነውን አስታውሱ። በአራተኛው ቀን፣ ጥር 18፣ ሲኖዶሱ ውሳኔውን ተናገረ። ማን እንደተወገዘ በስም፣ ስለምን እንደተወገዘ በቀኖና ተነገረ። ከዚያ በየጊዜው መግለጫ ይወጣ ነበር። ምእመኑ ምን ያድርግ ለሚለውም ጥቁር ልበሱ፣ የነነዌን ሦስት ቀን ጹሙ የሚል የማያሻማ መልስ ተሰጠ። ገጠር ያለች አሮጊትም፣ ዋሽንግተን ያለ ታክሲ ነጂም በአንድ ቀን ጥቁር ለበሱ። ለየካቲት 5 የተጠራው ሰልፍ በዋዜማው ሲተላለፍ ማኅበራዊ ሚዲያ በተገደበበት ጊዜ ነበር፤ ቃሉ ግን ደረሰ፤ ሰውም በየቤቱ ቀረ።

በዚያ ወቅት የሰው ሕይወት ጠፍቷል፤ የሻሸመኔውን ማንም አይረሳም። ስለዚህ «ድንቅ የኮሙኒኬሽን ሥራ» ብዬ በሥልጠና ስላይድ ላይ አላወጣውም። የምለው ይህን ብቻ ነው፦ ሰዎቹ ያው ናቸው፣ ጽሕፈት ቤቱም ያው ነው። የተለወጠው መናገር ግዴታቸው እንደሆነ ማመናቸው ነው። መሪዎቹ ሲናገሩ አሉባልታው አልሞተም፤ ሰው ግን የሚያነጻጽርበት ቃል አገኘ።

የዚህኑ ተቋም ሌላ ገጽ ሳላነሳ ካለፍኩ አድልዎ ይሆናል። በትግራይ ጦርነት ጊዜ ብዙ የትግራይ ምእመናን ከቤተ ክርስቲያናቸው ሲጠብቁ የነበረው ቃል አልመጣም። በሚያዝያ 2013 መጨረሻ ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ለመናገር ሞክሬ ተከልክያለሁ ያሉበት ቪዲዮ ወጣ፤ ወዲያው ከቤተ ክርስቲያኒቱ በኩል ንግግሩ የሲኖዶሱ አቋም አይደለም ተባለ። እሺ፣ የሲኖዶሱ አቋም ታዲያ ምን ነበር? የትግራይ አባቶች ተለይተው የራሳቸውን መዋቅር ለማቋቋም ካነሷቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ዝምታ ነው። በሐምሌ 2015 ፓትርያርኩ የመሩት ልዑክ ለይቅርታ መቐለ ድረስ ሄደ፤ የክልሉ አባቶች አልተቀበሉትም። በዚያው ወር አክሱም ላይ የራሳቸውን ኤጲስ ቆጶሳት ሾሙ። ፖለቲካውን ለሌላ ቀን ላቆየውና፣ ሰው በሞተበት ወር ያልተነገረ የሐዘን ቃል ዘግይቶ ሲመጣ በር ተዘግቶ እንደሚጠብቀው ግን እዚህ አይተናል። «ያልፋል» የሚሉኝን ሁሉ ይህን እንዲያዩ እጠይቃለሁ። ምኑ አለፈ?

ስለዚህ አሁን ካሜራ ፈልገው ለሚደውሉልኝ የምሰጠው መልስ አጭር ነው። መጀመሪያ ክፉ ቀን ሲመጣ ስልክ የሚያነሳውን ሰው ስም ንገሩኝ እላለሁ። አንድ ሰው፤ ኮሚቴ አይደለም። ቀጥሎ፣ ከጋዜጠኛም ከፌስቡክም በፊት ለራሳችሁ ምእመን ንገሩ እላለሁ፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው የቤቱን ወሬ ከጎረቤት ሲሰማ የሚሰማውን ውርደት ማንም ጋዜጠኛ አያክመውም። ከአገልግሎት በኋላ ያለችው የማስታወቂያ ሰዓት ከየትኛውም ስቱዲዮ ትበልጣለች፤ የሚመለከተው ሰው በሙሉ እዚያው ቆሟል። ያላወቃችሁትን አላወቅንም በሉ፤ የምታውቁበትን ቀን ግን ጥሩ፤ ያ ቀን ሲደርስ አዲስ ነገር ባይኖርም ወጥታችሁ አዲስ ነገር የለም በሉ። በደል ደረሰብኝ የሚል ሰው ሲመጣ ደግሞ ነገሩን ተከሳሹን ለማያውቅ፣ ከእሱ ደመወዝ ለማይበላ ሰው ስጡት። በምርመራ የተያዘ ነገር ካለ፣ የተበዳይ ስም ካለበት፣ ዝርዝሩን መያዝ ተገቢ ነው፤ ያዝኩት ብሎ መናገር ግን ይቻላል።

ይህ ሁሉ ወጪ የለውም። ምናልባት ቅር የሚላቸው ለዚህ ይሆናል፤ ካሜራ ቢሆን ይመረቃል።

ባለፈው ወር ለአሥራ ሁለት የአንድ አጥቢያ አገልጋዮች ሥልጠና ስሰጥ አንድ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። ለድምፅ ማጉያ የተሰበሰበው ገንዘብ አልበቃም፤ ይህንን ለጉባኤው የሚገልጽ ማስታወቂያ ጻፉ አልኩ። ነገሩ ልምምድ አልነበረም፤ እውነትም ገንዘቡ ጎድሏቸው ነበር። አብዛኞቹ በጸሎት ጀምረው፣ በምስጋና አልፈው፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስለ ፈተና መጻፍ ጀመሩ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት የመዘምራን ልጅ አራት መስመር ጽፋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ለድምፅ ማጉያ የሰበሰብነው ገንዘብ አልበቃም። የጎደለው ይህን ያህል ነው። ዕቃው ለፋሲካ አይደርስም። ያለበትን ደረጃ በየካቲት የመጀመሪያ እሑድ እንነግራችኋለን።»

መጋቢው ተቀብለው አነበቡት። «ይሄማ ደረቅ ነው፤ ሰላምታ እንኳ የለውም» አሉ።

ሰላምታ ተጨመረበት። የቀረውን ሳይነኩት በእሑዱ እንዳለ አነበቡት።